ሰው ስለካ የኖርኩባቸው ዓመታት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት ለምጃለሁ። በሥራ ዘመኔ የማላውቀው ነገር ነው። የቆቦ ቀትር ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው፣ ባጃጆቹም ሳይቀሩ ጥላ ፈልገው ሲቆሙ፣ እኔ ምንጣፌ ላይ እዘረጋለሁ። ከዚያ እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ በማይለይ ነገር ውስጥ ክንዶች ይመጡልኛል። ፊት የላቸውም፤ ክንዶች ብቻ ናቸው። የሕፃን ክንድ፣ የሙሽራ ክንድ፣ ማሽላ ሲያጭድ የከረመ የገበሬ ክንድ። ዓይኔን ጨፍኜ እያንዳንዱን በጣቴ አውቀዋለሁ።

ይህን ነገር የቀሰቀሰብኝ አንድ ሚዛን ነው። መድኃኒት ልገዛ ፋርማሲ ገብቼ ሳለ ባለቤቱ ጥቁር መስታወት የመሰለ አዲስ ሚዛን ወለሉ ላይ አስቀምጦ አየሁ።

«እትዬ ሉባባ፣ ጫማዎን አውልቀው ይውጡበት እስኪ» አለኝ። «ክብደት ብቻ አይደለም፤ ስብዎን ጭምር ነው የሚናገረው።»

ወጣሁበት። መስታወቱ ከእግሬ ሥር ቀዝቀዝ አለኝ። ትንሽ አሰበና ቁጥር አወጣ።

«በምን አወቀው?» አልኩት።

«ትንሽዬ ኤሌክትሪክ በአንዱ እግር አስገብቶ በሌላው ያወጣል። ውሃ ያለበት ሥጋ ቶሎ ያሳልፈዋል፣ ስቡ ግን ያዘገየዋል። ከዚያ ያሰላዋል።»

ምንም አልተሰማኝም። ነገር ግን የማላውቀው መንገደኛ በሰውነቴ ውስጥ ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ጓዳዬን ሁሉ ዞሮ፣ ሰላም ሳይለኝ የወጣ መሰለኝ። በማግስቱ ውሃ በደንብ ጠጥቼ ብመለስ ሌላ ቁጥር ነገረኝ። ከልጁ ጋር ሳቅን። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ሰው በውስጡ የተሸከመውን ለማወቅ ስንት መንገድ እንደሞከርን እያሰብኩ መታጠፊያዬን አልፌ ሄጄ ኖሯል።

ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ከዞብል ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት ክሊኒክ ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ሪፖርቱ ብዙ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለሁለቱ የምለው የለኝም። ጠዋት ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል ሜዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀላል። ቀትር ላይ ደግሞ ከአፋር በኩል የሚመጡት ግመሎች በሙቀቱ ጭላንጭል ውስጥ እግር የሌላቸው ሆነው ይታያሉ፤ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። በኋላ ቀርበው መሬት ሲረግጡ ደስ ይለኝ ነበር።

የክሊኒኳ ኃላፊ ጋሽ ይማም ነበሩ። ረዘም ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነርስ ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ በመናገር ሳይሆን ሲሠሩ እንዳይ በማድረግ ነው። ያን ጊዜ የቆዳ እጥፋት መለኪያ መቆንጠጫ የምትባል የብረት ዕቃ ነበረችን። የክንድን የኋላ ቆዳ ቆንጥጣ ይዛ ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ ትለካለች። በብርድ አገር ብረቷ ሰው እንዳታስበረግግ መጀመሪያ ያሞቋታል አሉ። እኛ ዘንድ መኪና ውስጥ የዋለች ብረት ሥጋ ትጠብሳለች። ጋሽ ይማም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያቆዩአታል። ሰው ከመንካታቸው በፊት የራሳቸውን ክንድ ይቆነጥጡባታል።

ከዚያ ስም ይጠይቃሉ። ስሙን ሳይጠሩ ቁጥሩን አያነቡም። ከትከሻ አጥንት እስከ ክርን ለክተው መሐሉ ላይ በጣታቸው ምልክት ያደርጋሉ፤ ቆዳውን ከጡንቻው ለይተው በሁለት ጣት ያነሳሉ፤ ልክ ያን ጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ጋሼ፣ ለምን ይጨፍናሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዓይኔ ልብሳቸውን ነው የሚያየው፣ ሉባባ። ይሄኛው ባለ ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ያኛው የተቀደደ ለብሷል እያለ ያውከኛል። ጣቴ ሥጋውን ብቻ ያገኛል።»

ሰው ከነጓዙ ነበር የሚመጣ። የራያ ወጣት ወገቡ ላይ የታጠቀውን ጊሌ፣ ትልቁን ጩቤ፣ ሳያወርድ ሚዛን ላይ ይወጣል። አውርድ ቢሉት ይቆጣል። ጋሽ ይማም አይከራከሩም፤ «ይሁን፣ ጊሌህም ይመዘን» ይላሉ። ሰውዬውን ከነጊሌው ይመዝኑታል። ቀጥለው «እስኪ የብቻውን ስንት እንደሆነ እንየው፤ ከባድ ይመስላል» ሲሉት፣ ኩራት ይዞት ራሱ ፈትቶ ያስቀምጥላቸዋል። ሴቶቹ ደግሞ ሹሩባቸው ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ቁመታቸውን ያስረዝመዋል። «እናቴ፣ ፈቃድሽ ቢሆን» ብለው የመለኪያውን እንጨት ጸጉሩን ሳያፈርሱ ቀስ አድርገው እስከ አናቷ ያወርዱታል። አንዷ «አይዞዎት ይጫኑት፣ ነገ ሹሩባ ሠሪዋ እንደገና ልትሠራኝ ነው» ስትላቸው ሲስቁ ትዝ ይለኛል።

በድርቁ ጊዜ ሥራችን የሕፃናት ክንድ ሆነ። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለባትን የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ይዘን ከጎጥ ጎጥ እንዞራለን። አረንጓዴ ከሆነ ሕፃኑ ደህና ነው፣ ቀይ ከሆነ ተጎድቷል ማለት ነው። አንድ ዛፍ ሥር ሳለን ጦይባ የምትባል ወጣት እናት ልጇን አዝላ መጣች። የሌሎቹ ሕፃናት ክንድ እንደ ጭራሮ ሆኖ ሳለ፣ የእሷ ልጅ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ እግሯ ድቡልቡል ነበር። ጎረቤቶቿ ዛፉ ሥር ተቀምጠው «ማሻአላህ፣ የጦይባ ልጅ ግን ወፍራለች» ይላሉ። ጥብጣቡን አዞርኩት፤ አረንጓዴ ላይ ቆመ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ጋሽ ይማም አጠገቤ ተንበርክከው የልጅቷን እግር ይዘዋል።

አውራ ጣታቸውን የእግሯ አናት ላይ ጫን አድርገው በልባቸው ቆጠሩና አነሱት። ጉድጓዱ አልሞላም። ጭቃ ላይ እንደ ተረገጠ ዱካ እዚያው ቀረ። በሌላው እግሯም ደገሙት፤ እንዲያው ነው።

«ይሄ ውፍረት አይደለም፤ ውሃ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን ትበላለች፣ ልጄ?»

ጦይባ አንገቷን ደፋች። «ሻይ ነው የማጠጣት። ሌላ የለኝም።» ከዚያ ቀና ብላ ጎረቤቶቿን እያየች «እኔ እኮ ወፍራልኝ ነው ብዬ…» አለችና አልጨረሰችውም።

ያን ዕለት ልጅቷን በመኪናችን ወደ ቆቦ ይዘናት ሄድን። እናትየዋ ኋላ ተቀምጣ የልጇን እግር በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ነበር። በሕክምናው እብጠቱ እየጎደለ ሲሄድ ልጅቷ ከሳች፤ ጦይባ ደነገጠች፤ «እዚህ መጥታ አለቀችብኝ» ብላ አለቀሰች። ጋሽ ይማም አጠገቧ ቁጭ ብለው «አብሽሪ፣ አሁን ያለችው ራሷ ናት፤ ከዚህ በኋላ የምትጨምረው የራሷ ነው» አሏት። ጨመረች። ጦይባ ልጇን አዝላ ተመልሳ ስትሄድ እስከ መንገዱ ሸኘኋት። ሞልቶ መታየትና ሞልቶ መገኘት ለየብቻ መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጋሽ ይማም ወደ ወልዲያ ተዛወሩ፣ ከዓመታት በኋላም ዐረፉ። እኔ ወደ ቆቦ መጣሁ። ዘመኑ እየተለወጠ ሄደ። መስኖው ሜዳውን አረንጓዴ አደረገው፤ ጎብዬ መንገድ ዳር ካፌው በዛ፤ የለስላሳ ሣጥን በየሱቁ በር ተደረደረ። አንድ ቀን አለቃችን ሰብስቦን «ከእንግዲህ የከሳ ብቻ አይደለም የምንፈልገው፤ የወፈረም ነው» አለን። ስኳርና ደም ግፊት በዝቶ ነበር። ክብደትን ለቁመት፣ እንደገና ለቁመት አካፍሎ ከሲታ፣ ልከኛ፣ ወፍራም የሚል ሠንጠረዥ ተሰጠን። ከሠንጠረዡ ጋር የወገብ ሜትርም መጣልን።

በወሎ ነውሩ ለሰው «ከሳህ» ብሎ መንገር ነው፤ «ወፈርክ» ማለት ግን ምርቃት ነው። ጎብዬ ላይ ካፌ ያላት አንዲት ሴትዮ ወፍራም ከሚለው መስመር ማለፏን ስነግራት እጇን ወደ ሰማይ አንስታ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ሠርጓ የደረሰ ልጅ ደግሞ ሚዛን ላይ ከወጣች በኋላ ነጠላዋን መልሳ ደርባ «አሁንስ?» ትለኛለች፤ እንዲጨምርላት። ጋሽ ይማም ቢኖሩ ነጠላውን ለብቻው ይመዝኑላት ነበር።

የወገብ ልኬት ትዕግሥት ይፈልጋል። ሜትሩ ልብስ ላይ አይሆንም። የመጨረሻውን ጎድን ከታች ታገኛለህ፣ የዳሌውን አጥንት ከላይ ታገኛለህ፣ መሐሉ ላይ ታዞረዋለህ፤ ከኋላ እንዳይወርድ ዞረህ ታያለህ። ሰው ሁሉ ሲለካ ሆዱን ይሰበስባል፤ ሳያውቀው ነው። ስለዚህ ስለ ከብቱ ወይ ስለ ልጁ ትጠይቀዋለህ። መልስ ሲሰጥ ይረሳዋል፤ ትንፋሹን ሲያወጣ ታነባለህ።

ኢብሬን ያገኘሁት እንዲህ ስል ነው።

ኢብሬ ከቆቦ በሮቢት አድርጎ ጎብዬ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ቤቱ ሮቢት ነው። ፊቱ ቀጭን፣ እጅና እግሩ እንደ ግመል ግልገል ረዣዥም፣ ሆዱ ብቻ ከሸሚዙ ሥር ድንቡሽ ያለ። ተሳፋሪ ሁሉ ይወደዋል፤ ለአሮጊት ከመንገድ ወጥቶ በር ድረስ ያደርሳል። መናኸሪያ ጠረጴዛ ዘርግተን ስንለካ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ መጣ። ባልደረባዬ መዘነው፣ ለካው፣ አሰላ፤ «ልከኛ ነህ» አለው።

«ሰማችሁ? ልከኛ ነህ ተብያለሁ!» ብሎ ወደ ተሳፋሪዎቹ ጮኸ።

እኔ ዓይኔ ሆዱ ላይ ነበር። «ኢብሬ፣ ቆይ፣ ወገብህን ልየው» አልኩት። እየሳቀ ሸሚዙን ገለጠ። ሜትሩ ለወንድ ከተባለው መስመር አለፈ፤ በጥቂትም አይደለም።

«ውሃ ይጠማሃል?»

«ቆቦ ውስጥ የማይጠማው ማን አለ፣ ሲስተር?» በእጁ ለስላሳ ይዟል።

«ሌሊትስ ለሽንት ትነሣለህ?»

«ቀኑን ሙሉ የጠጣሁት የት ይሂድ ታዲያ?»

«ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ጤና ጣቢያ ና። ደምህን እንየው።»

«ሠንጠረዡ ልከኛ ብሎኛል እኮ! ይሄ ደግሞ» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገ፤ «ይሄ የዘይነባ እጅ ነው። ሚስቴ ስታበላኝ አልበላም ልበላት?»

«ኢብሬ፣ አልቀልድም።»

«ሀዬ፣ ነገ፣ ኢንሻአላህ።» ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ጥሩምባ እየነፋበት ነበር። ሮጦ ሄደ።

አልመጣም። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ጥሩምባውን ነፍቶ በመስኮቱ እጁን እያወጣ «ነገ!» ይለኛል። አንዴ መናኸሪያ ሄጄ ፈለግሁት፤ ወጥቶ ነበር። አንዴ መርፌውንና የስኳር መመርመሪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ የራሱ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። «ሰው ፊት ደሜን ልታፈሺ ነው?» ብሎ ሳቀና አለፈው። ማሽላው ተዘራ፣ አሸተ፣ ታጨደ። ያ «ነገ» እንደ መንገዱ ዳር ዛፍ በየቀኑ ወደ ኋላ ሲሮጥ አየዋለሁ።

አንድ ጠዋት ዘይነባ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሲስተር፣ ኢብሬ እግሩን ተቃጠለ።»

«ምን አቃጠለው?»

«መኪናው። ሞተሩ ግሎ ወለሉን አሙቆት፣ ሸበጡ እግሩ ላይ ቀልጦ። ከሮቢት ጎብዬ ሙሉ ነድቷል፣ ሲስተር! ሽታው የሸተተው ረዳቱን ነው። እሱ አልሰማውም። እሳት እንዴት አይሰማውም?»

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ስኳሩ ከብዙ ጊዜ በፊት ገብቶ የእግሩን ስሜት ወስዶት ነበር። ደሙን ስናየው መሣሪያው ቁጥር መስጠት እንኳ አቃተው፤ ከፍተኛ ብሎ ብቻ ጻፈ። ወደ ደሴ ተላከ። ቁስሉ አልሽር አለ፤ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ዓይኑም ጭጋግ ሆነበት፤ ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ የሰው መልክ አያይም።

ሮቢት ቤቱ ልጠይቀው ስሄድ መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ድምፄን ሰምቶ ፈገግ አለ።

«ሲስተር፣ ነገ እያልኩሽ ቆየሁ።»

አጠገቡ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ዘይነባ ውሃ አቀረበችልኝና ወጣች። ከውጭ የአውራ ጎዳናው መኪና ድምፅ ይሰማል፤ እያንዳንዱ ባለፈ ቁጥር ኢብሬ ጭንቅላቱን ዘንበል ያደርጋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «ሠንጠረዡ ለምን ዋሸኝ?»

«አልዋሸህም። ክብደትህን ከቁመትህ ጋር አስተያየ። ስቡ የት እንደተቀመጠ ግን አይጠይቅም። እጅና እግርህ ቀጭን ነው፤ ክብደት የለውም። ሆድህ ውስጥ አንጀትና ጉበትህን የከበበው ግን ብዙ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ልከኛ ሆነው ታዩ። ክፉው ደግሞ ይኸው የውስጡ ነው፤ ከቆዳ ሥር እንዳለው አይቆነጠጥም።»

እጁን ሆዱ ላይ አሳረፈ።

«እንዲህ አድርገሽ ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?»

«ሞተሩን አላጠፋህም ነበር እኮ፣ ኢብሬ።»

ሳቀ። እየሳቀ እያለ ፊቱ ተለወጠና በክንዱ ሸፈነው። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ስንት ሰው ለክቼ ስንቱን አድኛለሁ፤ ይህን አንድ ደግ ሰው ግን በግልጽ እያየሁት ከእጄ አመለጠኝ። ብዙ ሌሊት ሳልተኛ አደርኩበት።

ስነሣ እጄን ያዘኝ። «መናኸሪያ ውሰጂኝ» አለ።

«ምን ልታደርግ?»

«አንቺ ተለኩ ትያለሽ፤ አይሰሙሽም። እኔን ይሰሙኛል።»

ወሰድኩት። በአንድ ክራንች ተደግፎ መሐል ቆመና የሾፌሮቹን ስም በሞተራቸው ድምፅ እየለየ ይጠራ ጀመር። «ሞተሩን አጥፋ!» ነው የመጀመሪያ ቃሉ። ከዚያ ሾፌሩ እንደተቀመጠ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ጭብጡን በሆዱና በመሪው መካከል ይሰዳል። ጭብጡ ካላለፈ «ውረድ፣ ወደ ሲስተር» ይላል። በየትም መመሪያ ላይ የለም። ነገር ግን ሠንጠረዥ አይቶ የሚስቅ ሁሉ ያን የተቆረጠ እግር አይቶ ይወርድ ነበር።

ደምሴ የሚባል ጎልማሳ ሾፌር ብቻ እምቢ አለ። ሆዱ መሪው ላይ ተኝቷል። «ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ አልጎደለም፤ ይሄ የተፈጥሮዬ ነው። ተወኝ ኢብሬ!» አለ።

ኢብሬ አልተወውም። የክራንቹን እጀታ ወደ መስኮቱ ዘረጋና «ያዘው» አለው።

«ምን ላድርገው?»

«ያዘው ዝም ብለህ። ልክህ መሆኑን እይ። ለአንተም ከማሠራት ይቺኑ አወርስሃለሁ።»

ሌሎቹ ሾፌሮች ከየመኪናቸው አንገታቸውን አወጡ። ደምሴ ክራንቹን ነካው፣ እጁን እንደ ጋለ ብረት ሰበሰበ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጠፋ። ወርዶ እኔ ፊት ሲቆም ላብ በላብ ነበር። ወገቡን ለካሁት፤ በማግስቱ ማለዳ ምንም ሳይቀምስ ከሁሉም ቀድሞ ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘሁት። ስኳር ነበረው፤ ግን ገና መጀመሪያው ላይ ነበር። እግሩም ዓይኑም አልተነኩም። መድኃኒት ጀመረ፤ ለስላሳውን ተወ፤ ማታ ማታ ከመናኸሪያ ቤቱ በእግሩ መሄድ ያዘ። ሰዎች «ደምሴ ታመመ እንዴ? ከሳ» ሲሉት ይናደድ ነበር፤ በኋላ ለመደው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለፈው ሰሞን ጎብዬ እህቴን ልጠይቅ በደምሴ መኪና ሄድኩ። ኢብሬ ቆቦ ቀጠሮው ደርሶ መድኃኒቱን ወስዶ ወደ ሮቢት ሲመለስ ነበርና ጋቢና አጠገቤ ተቀመጠ። ከሰዓት ነው፤ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ይነሣል፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ አንገታቸውን ጥለው አንቀላፍተዋል። እኔም ዓይኔ ከብዶ ሳለ ኢብሬ እጄን ነካ አደረገኝ።

«ድልድዩን አለፍን?»

«አሁን አለፍነው።»

«አውቄዋለሁ፤ ጎማው ድምፁ ይለወጣል።» ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘነበለ። «ማሽላው እንዴት ነው?»

ወደ ውጭ አየሁ። «አሽቷል። ራሱ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ሴቶች ወፍ ይጠብቃሉ። አንዷ ቀይ ሻሽ አስራለች።»

«ዞብልስ?»

«ሰማያዊ ነው። አናቱ ላይ ትንሽ ደመና አለ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ በዓይኑ ያየው ይመስል ነበር። መኪናው እየተወዛወዘ ይሄዳል። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር፤ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ደምሴ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«የደምሴ ሆድስ?»

አሻግሬ አየሁ። ደምሴ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ አንዱን መስኮቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ከሸሚዙ እስከ መሪው ባለው ክፍተት የከሰዓቱ ብርሃን ገብቶ ጉልበቱ ላይ ወድቋል።

«ሁለት ጭብጥ ያሳልፋል» አልኩት።

ኢብሬ ፈገግ አለና ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ አስደገፈ። ከዚያ በኋላ ሮቢት እስክንደርስ ምንም አልጠየቀኝም።